ኃጢአት ያልሆነ ነገር ነፍሳችንን ሲያስረሳን

መንገደኛው (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጌታችን ስለ ኖኅና ስለ ሎጥ ዘመን የተናገረውን (ሉቃስ 17፥26-30) ሰሞኑን ደጋግሜ እያነበብኩ ነው። የዚያን ዘመን ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር? ይበሉ፣ ይጠጡ፣ ያገቡ፣ ይገዙ፣ ይሸጡ፣ ይተክሉ፣ ቤት ይሠሩ ነበር። ሰዶም በምን እንደምትታወቅ ሁላችንም እናውቃለን። ጌታ ግን እዚህ ላይ የዘረዘረው ገበያዋን፣ እርሻዋንና ግንባታዋን ነው። ከተዘረዘሩት ውስጥ ለብቻው ኃጢአት የሚባል አንድም የለም።

የታላቁ እራት ምሳሌም (ሉቃስ 14) እንዲሁ ነው። አንዱ መሬት ገዝቷል፣ አንዱ አምስት ጥምድ በሬ ገዝቷል፣ አንዱ ሚስት አግብቷል። «ልሰርቅ ስለምሄድ አልመጣም» ያለ የለም። ሦስቱም ያቀረቡት ምክንያት ማንም ሽማግሌ ሰምቶ «እውነትህን ነው» የሚለው ዓይነት ነው። ከማዕዱ የቀሩት ግን በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ የማምነው ይህን ነው፤ አብዛኞቻችንን ከመዳን መንገድ የሚያዘገየን የተፈቀደ ነገር ነው። በከባድ ኃጢአት የወደቀ ሰው መውደቁን ያውቃል። ሕሊናው እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ሰውም ይወቅሰዋል፣ ስለዚህ የሚመለስበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል። ሥራ የበዛበትን ሰው ግን ማን ይወቅሰዋል? ጎበዝ ይባላል። ለልጆቹ ነው የሚለፋው ይባላል። ንስሐ የሚገባበት ነገር እንኳ አይታየውም።

በእሾህ መካከል የወደቀውን ዘር አስታውሱ። ያ ዘር በቅሏል። በመንገድ ዳር እንደወደቀው ወፍ አልበላውም፣ በጭንጫ ላይ እንደወደቀውም ፀሐይ አላጠወለገውም። ያነቀው ምን እንደሆነ ጌታ ራሱ ሲተረጉም «የዚህ ዓለም ዐሳብና የባለጠግነት ማታለል» አለ (ማቴዎስ 13፥22)። መታነቅ ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ቀስ በቀስ ነው የሚያጥረው ትንፋሹ።

ቅድሚያ መስጠት ስል ሰዓት መቁጠሬ አይደለም። ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ለጸሎት ግማሽ ሰዓት ቢያገኝ «ሥራውን ከእግዚአብሔር አስበለጠ» አልለውም። ቅድሚያው የሚታወቀው ሁለት ነገሮች ሲጋጩ ነው። ሁልጊዜ ቦታ የሚለቀው የትኛው ነው? ስብሰባ ሲመጣ ጸሎት ይለቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ጸሎት ይለቃል፤ ድካም ሲመጣ ጸሎት ይለቃል። ለጸሎት ሲባል የተላለፈ ስብሰባ ግን ተፈልጎ አይገኝም። «አስቀድማችሁ የእግዚአብሔርን መንግሥት ጽድቁንም ፈልጉ» የሚለውን ቃል በግድግዳችን ላይ ሰቅለን በዚህ መልክ ከኖርን፣ ቃሉ የሚፈርደው በእኛው ላይ ነው።

እስቲ እንነጋገር። በእናንተ ኑሮ ሁለቱ የሚጋጩት የት ላይ ነው? የሚለቀውስ የትኛው ነው?

ወለተ ሥላሴ

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ገዢው ፊልክስ ነው (ሐዋርያት ሥራ 24)። ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ኵነኔ ሲነግረው ፈራ። ፈርቶም «አሁንስ ሂድ፥ በተመቸኝም ጊዜ ልኬ አስጠራሃለሁ» አለው።

የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ፊልክስ ጊዜ አላጣም። ጳውሎስን ብዙ ጊዜ እያስጠራ ያነጋግረው ነበር። ለምን ቢሉ ገንዘብ እንዲሰጠው ተስፋ አድርጎ ነው። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሞላ፣ ሌላ ገዢ ተተካ፣ ጳውሎስም እንደታሰረ ቀረ። ያን የመሰለ መምህር ደጁ ላይ ሆኖለት፣ ባስጠራው ቁጥር እየመጣለት፣ እሱ የጠበቀው ጉቦ ነበር። ያ «የተመቸኝ ጊዜ» መጽሐፍ እስከሚነግረን ድረስ አልመጣም።

ግልጽ_ሰው

እኔ በዚህ ክር ብቻዬን ተቃዋሚ ልሆን እችላለሁ፤ ቢሆንም ልናገር።

እንዲህ ያለ ስብከት ቤት ሲያፈርስ አይቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ «ዓለም ከንቱ ናት» ብሎ ሥራውን ተወ። ከአንድ የጸሎት ቦታ ወደ ሌላው ሲሄድ ይውላል፣ አንዳንዴም ያድራል። ሚስቱ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጠይቁት «እግዚአብሔር ያዘጋጃል» ይላቸዋል። የሚያዘጋጀው ግን የሚስቱ ወገብ ነው። እሱን ስትጠይቁት ማቴዎስ 6፥33ን ይጠቅስላችኋል፤ መንገደኛው የጠቀሰውን ያንኑ ጥቅስ።

ሌላም አለ። ድሀ «ስለ ዓለም አታስብ» ሲባል የሚጠቀመው ማን ነው? ደመወዝ ጨምሩልኝ የሚል ሠራተኛ «ምድራዊ ሆንክ» ተብሎ ሲገሠጽ ሰምቻለሁ። የገሠጸው ሰውዬ ግን የራሱን ትርፍ በደንብ ይቆጥራል።

«ለእርሱ ስለ ሆኑት ይልቁንም ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ማንም ቢሆን፥ ሃይማኖትን የካደ ከማያምንም ሰው ይልቅ የሚከፋ ነው» የሚለውም (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8) የጳውሎስ ቃል ነው። ይሄ ለምን በግድግዳ ላይ አይሰቀልም?

መንገደኛው

ወንድሜ፣ ተቃዋሚ ብለህ ራስህን አትለይ። ያልከው ሁሉ በዚህ ክር ውስጥ መነሣት ያለበት ነው።

የወንድምህን ዓይነት ነገር ጌታ ራሱ በማርቆስ 7 ነቅፎታል። አባትና እናቱን መርዳት የሚገባው ሰው ገንዘቡን «ቁርባን ነው» ብሎ ለእግዚአብሔር የለየ ያስመስልና ወላጆቹን ባዶ እጃቸውን ይሰዳቸዋል። ጌታ ይህን መንፈሳዊነት አላለውም። የእግዚአብሔርን ቃል በወግ መሻር ነው አለው። የሠራተኛውን ነገር ደግሞ ያዕቆብ 5፥4ን ተመልከት፤ የተነፈገ ደመወዝ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ይገባል ይላል። ደመወዙን የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው ጽድቅን ነው፤ «ጽድቁንም ፈልጉ» የተባለው ውስጥ ይገባል። «ምድራዊ» መባል የነበረበት የከለከለው ነው።

እኔ ያነሣሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ማስተዳደሩ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን እየፈጸመ ትእዛዙን የሰጠውን ሊረሳ ይችላል ወይ? ነው ጥያቄዬ። ይችላል እላለሁ።

የሌሊት_ተረኛ

እኔ ነርስ ነኝ። የማታ ፈረቃ ይበዛብኛል። ቤት ስገባ የታመመች እናቴን አጥባለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ምግብ አዘጋጃለሁ፣ ከዚያ እወድቃለሁ። ቅዳሴ የምሄደው ፈረቃው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ጸሎት ስጀምር እንቅልፍ ይወስደኛል።

መንገደኛው «ድካም ሲመጣ ጸሎት ይለቃል» ብሎ የጻፈውን ሳነብ ልቤ ተሰበረ። ልከራከር አይደለም የጻፍኩት፣ ከልቤ እየጠየቅኩ ነው። እኔ ከእነዚያ ከእራቱ ከቀሩት ውስጥ ነኝ? ሕመምተኛ ጥዬ፣ እናቴን ጥዬ የት ልሂድ?

ቀሲስ

ልጄ የሌሊት ተረኛ፣ ልብሽ አይሰበር። ከእራቱ የቀሩት መሬታቸውን ሊያዩ የሄዱ ናቸው። አንቺ የሄድሽው «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ወዳለው ወደ እርሱ ነው። ይህን በማቴዎስ 25 ታገኚዋለሽ፣ እዚያ ስላለ አላስረዝመውም።

ስለ ታላቁ አባት ስለ እንጦንስ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ251 ዓ.ም. ገደማ በግብፅ ተወልዶ በ356 ዓ.ም. ያረፈ፣ የመነኮሳት አባት የምንለው ነው። ገና ወጣት ሳለ ወላጆቹ ሞተው፣ ሦስት መቶ አሩራ (የጥንት ግብፅ የመሬት መለኪያ ነው) የሚሆን ለም መሬት ወርሶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለው ወንጌል ሲነበብ ሰማ፤ ለእኔ ነው የተነበበው ብሎ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፣ የቀረውንም ሸጦ ለድሆች አከፋፈለ። (ግልጽ ሰው፣ ይህን ለወንድምህ ንገርልኝ፦ እንጦንስ ታናሽ እህት ነበረችው። ሜዳ ላይ ጥሏት አልሄደም፤ ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቷት ነው የሄደው።)

ይህ ሁሉን የተወ አባት በበረሃ ሳለ ተገለጠለት። በከተማ ውስጥ አንተን የሚመስልህ አለ ተባለ። ማን ነው ቢባል ሐኪም ነው። ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች የሚሰጥ፣ ቀኑን ሙሉም ከመላእክት ጋር «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» እያለ የሚያመሰግን። አየሽ ልጄ፣ ከእንጦንስ ጋር የተስተካከለው ሰው ሕመምተኞቹን አልተወም። በሽተኛ እያከመ ነው ያመሰገነው። ያንቺ ሙያ ማለት ነው።

ሌላም ታሪክ አለ፣ ይሄኛው ለሁላችንም ይሆናል። በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ የነበረ አባ ዮሐንስ ሐጺር በወጣትነቱ ታላቅ ወንድሙን «እንደ መላእክት ሳልሠራ ሁልጊዜ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ መኖር እፈልጋለሁ» ብሎት ልብሱን ጥሎ ወደ በረሃው ጠለቀ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ደጁን አንኳኳ። ወንድሙ «ማን ነህ?» አለ። «ወንድምህ ዮሐንስ ነኝ።» «ዮሐንስማ መልአክ ሆኗል፣ ከሰው ጋር የለም» ብሎ እስኪነጋ ድረስ ሳይከፍትለት ቆየ። ሲነጋ ከፍቶ «ሰው ነህ፤ ልትበላ ከፈለግህ መሥራት አለብህ» አለው። እርሱም ይቅርታ ጠየቀ። ይህ ዮሐንስ በኋላ ከታላላቆቹ አበው አንዱ ሆነ። ገዳማውያኑ ዘንቢል እየታቱ ነበር የሚጸልዩት። ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋርያት ሥራ 18፥3)። ስለዚህ እጅ ሥራ ላይ መዋሉ ልብን አይከለክልም።

ይህን ስል ግን የመንገደኛውን ቃል ላለዝብ አይደለም። ማርታን ተመልከቱ። ጌታ «ማርታ፥ ማርታ፥ በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ ትታወኪማለሽ» ሲላት ምግብ ማዘጋጀቷን አልነቀፈም። መታወኳን ነው የነቀፈው። ከዚያ በኋላ የማርታ ነገር የሚያልቅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አላለቀም። ወንድሟ አልዓዛር በሞተ ጊዜ ጌታን ልትቀበል የወጣች እርሷ ናት፤ «አንተ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆንህ እኔ አምናለሁ» ብላ የመሰከረችም እርሷ ናት (ዮሐንስ 11፥27)። ይህ ጴጥሮስ የመሰከረው ምስክርነት ነው። ቀጥሎ ዮሐንስ 12፥2ን አንብቡ፦ እራት አደረጉለት፣ «ማርታም ታገለግል ነበር»። እንደገና እያገለገለች ነው! በዚህኛው እራት ግን የገሠጻት የለም፣ እርሷም ስለ እህቷ አልከሰሰችም። ሥራዋ ያው ነው፣ ልቧ ግን ቦታውን አግኝቷል። እኔ ብዙ ጊዜ የማስበው በእነዚህ በሁለቱ እራቶች መካከል ማርታ ላይ ምን እንደሆነ ነው።

አቡ_ሱመያ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የእምነታችሁ ተከታይ ባልሆንም ርዕሱ የሁላችንም ስለሆነ ፈቅዳችሁ ልግባ።

በእኛም ዘንድ ይህ ጥያቄ ትልቅ ነው። በቁርአን ሱረቱል ጁሙዓ (62፥9-10) ላይ የጁሙዓ ሶላት ጥሪ ሲደረግ መሸጥን ትታችሁ ወደ አላህ ማውሳት ሂዱ ይላል። ሶላቱ በተፈጸመ ጊዜ ደግሞ በምድር ላይ ተበተኑ፣ ከአላህ ችሮታ ፈልጉ ይላል። ንግዱ ከጥሪው በፊትም አለ፣ ከሶላቱም በኋላ አለ። በመካከል ግን ሲጠራ የሚቆመው ንግዱ ነው። መንገደኛው «ሲጋጩ የሚለቀው የትኛው ነው» ያለውን እኔ እዚህ ላይ አየሁት።

ለቃሩን የተነገረውም አለ፤ ሀብቱ የመጋዘኖቹ ቁልፎች እንኳ ብርቱ ሰዎችን የሚያጎብጡ ስለነበረው ሰው ማለት ነው። «አላህም በሰጠህ ሀብት የመጨረሻይቱን አገር ፈልግ፤ ከቅርቢቱም ዓለም ፋንታህን አትርሳ» (28፥77)። ሀብቱን ጣል አልተባለም። በሀብቱ ወዲያኛውን ዓለም እንዲፈልግበት ነው የታዘዘው። እሱ ግን «በራሴ ዕውቀት ያገኘሁት ነው» አለ።

ወለተ ሥላሴ

ወንድማችን አቡ ሱመያ፣ እንኳን ገባህ። ያ የቃሩን መልስ በሉቃስ 12 ካለው ባለጠጋ ጋር በጣም ይቀራረባል። እሱም ሲናገር ሁሉ «ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ በረከቴ፣ ነፍሴ» ነው። ዝናቡን የሰጠው አይነሣም።

በጸጋው

ይቅርታ፣ አንድ መሠረታዊ ነገር እየተዘለለ ነው። መዳን በጸጋ ነው። ኤፌሶን 2፥8። እኛ በጸሎት ሰዓትና በቅድሚያ ቅደም ተከተል የምናገኘው አይደለም። ሰዎቹን ሸክም እያሸከማችሁ ነው።

ቀሲስ

በጸጋ መሆኑን ማን ይክዳል ልጄ? ሁለት ቁጥር ወረድ ብለህ ግን ዐሥረኛውን አንብብ፤ «መልካሙን ሥራ ለማድረግ» ተፈጠርን ይላል። ያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 2፥12 «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» ይላል፤ በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ይላል። እራቱ በነጻ ነበር። የቀሩት የቀሩት ዋጋው በዝቶባቸው አይደለም።

አወያይ

የጸጋና የሥራ ክርክር ራሱን የቻለ ክር አለው፤ እባካችሁ እዚያ ቀጥሉ። እዚህ በርዕሱ ላይ እንቆይ።

ነጋዴው

ሁላችሁም ስለ ጊዜ ነው የምታወሩት። እኔ ንግድ ላይ ነው የምውለው፣ ግጭቱ ደግሞ በሰዓት አይመጣብኝም። የሚመጣው በአፍ ነው። አንድ ዕቃ ጉድለት አለው። ገዢው ጉድለቱን አላየም። ዝም ካልኩ ይሸጣል። «አየህ፣ እዚህ ጋ ችግር አለበት» ካልኩት ትቶት ሊሄድ ይችላል፣ የሄዱብኝም አሉ። ያቺ ቅጽበት ናት ነፍስና ትርፍ የሚጋጩባት። ጠዋት አንድ ሰዓት ጸልዬ ወጥቼ በዚያች ቅጽበት ዝም ካልኩ፣ ጠዋት ቅድሚያ የሰጠሁት ለማን ነበር? «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል ምሳሌ 11፥1። ሚዛን የሚገኘው በገበያ ነው። እግዚአብሔር ገበያ መሐል ገብቶ ያያል ማለት ነው።

ዘኬዎስም የዳነው ጌታ ቤቱ በመግባቱ ብቻ አይመስለኝም። ቆሞ «ካለኝ ሁሉ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፤ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» አለ። ጌታም «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» አለ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ባለጠጋው ወጣት ሁሉን ሸጠህ ስጥ ተባለ፤ ዘኬዎስ እኩሌታውን ሰጠና ተመሰገነ፤ የአርማትያስ ዮሴፍ ባለጠጋ ደቀ መዝሙር ነበር፣ ለጌታ ሥጋ የሚሆን አዲስ መቃብር የተገኘው ከእሱ ነው። ጌታ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አልጠየቀም። እያንዳንዱን የጠየቀው ልቡ የተጣበቀበትን ነው። ስለዚህ እኔን የሚጠይቀኝ እናንተን የሚጠይቃችሁን ላይሆን ይችላል። ይህን ማወቅ ደግሞ ከንስሐ አባት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይፈልጋል።

ሦስተኛ_ዓመት

እኔ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የኔና የጓደኞቼ ነገር «ከዚያ በኋላ» ነው። ፈተናው ይለቅ፣ ከዚያ በኋላ። ልመረቅ፣ ከዚያ በኋላ። ሥራ ልያዝ፣ ላግባ፣ ቤት ልሥራ። እውነት ለመናገር አንዳንዴ የሚመስለኝ እግዚአብሔር ለትላልቅ ሰዎች የተተወ ጉዳይ ነው። ታላላቆቻችን ምን ትላላችሁ፣ በኋላ ላይ ይቀላል ወይ?

ጡረተኛው

ልጄ፣ ከጠየቅኸኝ እመልስልሃለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። አይቀልም።

አብረውኝ ጡረታ የወጡትን አያለሁ። በሥራ ዘመናቸው በጥድፊያም ቢሆን፣ በጥቂቱም ቢሆን ይጸልዩ የነበሩት አሁን ጊዜ አግኝተው ሰፋ አድርገው ይጸልያሉ። «ጡረታ ስወጣ» ይሉ የነበሩት ግን ጊዜው መጣላቸው፣ ፍላጎቱ ግን ከጊዜው ጋር አልመጣም። ጊዜውን ዜና ሞላው፣ የውርስ ሙግት ሞላው፣ የጉልበትና የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ሞላው። አንድ ወዳጄ መዝሙረ ዳዊት ገልጦ ዓይኑ አላነብ ብሎት ሲያዝን አይቻለሁ። በቃሉ የያዘው ደግሞ አልነበረም።

መክብብ 12፥1 «በጉብዝናህ ወራት ፈጣሪህን አስብ» ሲል ቀጥሎ ያለውን ሰዎች አያነቡትም። የሚያዩ ይጨልማሉ፣ የሚፈጩት ያንሳሉ፣ ከወፍም ድምፅ የተነሣ ሰው ይነቃል ይላል። ዓይን፣ ጥርስ፣ እንቅልፍ ማለት ነው። ሽምግልና ለጸሎት የተመቸ ዕድሜ አይደለም፤ ሌላ የሚይዘው ሥራ ያለው ዕድሜ ነው። አሁን ፈተና እያለብህ የምትጸልያት አጭር ጸሎት፣ በኋላ ጊዜ አግኝተህ ከምታስባት ረጅም ጸሎት ትበልጣለች። ዳንኤልን አስታውስ፤ በመቶ ሀያ መሳፍንት ላይ ከተሾሙት ሦስት አለቆች አንዱ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ በቀን ሦስት ጊዜ ይንበረከክ ነበር። አንበሳ ጉድጓድ እንደሚጣል ባወቀበት ቀንም «ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ» ነው የሚለው። ጉልበቱ አስቀድሞ መንበርከክ ባይለምድ ያን ቀን እንዴት ይሆን ነበር?

ግልጽ_ሰው

ጥሩ ውይይት ነው፣ ስለ ቀሲስ መልስም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝን ልበል። «ነፍሴን ላድን» የሚለው ነገር ራሱ ራስ ወዳድነት አይመስላችሁም? ወንድሜን ስሰማው ሁሉ ነገር ስለ እሱ ነፍስ ነው። የሚስቱ ድካም አይታየውም።

መንገደኛው

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ እንዲህ አየዋለሁ።

ነፍሱን ብቻውን ይዞ ሊድን የሚሞክር ሰው ወንጌል ውስጥ ምሳሌ አያገኝም። ዮሐንስ «ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወደው እንዴት ይችላል?» ይላል (1ኛ ዮሐንስ 4፥20)። ጳውሎስ ደግሞ ስለ ወገኖቹ መዳን ሲል እኔ ራሴ ከክርስቶስ ተለይቼ የተረገምሁ እንድሆን እጸልይ ነበር እስከ ማለት ደርሷል (ሮሜ 9፥3)። መዳንን ያስቀደመ ሰው አፍ እንዲህ ነው የሚናገረው! ስለዚህ ወንድምህ መዳንን ከልክ በላይ አስቀድሟል ብዬ አላምንም። ያስቀደመው ሌላ ነገር ይመስለኛል፤ ምናልባት ሰላሙን፣ ምናልባት ከኃላፊነት ማረፍን። የጸሎት ቦታም መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ሰው ከእግዚአብሔር በሥራ ውስጥ እንደሚሸሸግ ሁሉ፣ ከሚስቱ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሊሸሸግ ይችላል። መዳንን በእውነት ቢያስቀድም ኖሮ መጀመሪያ የሚመለከተው የሚስቱን ፊት ነበር፤ ምክንያቱም የሚጠየቅባት እርሷ ናት።

በመጀመሪያው ጽሑፌ የተፈቀዱ ነገሮች ነፍስን ያስረሳሉ ስል ሥራንና ንብረትን ነበር በዋናነት ያሰብኩት። ከዚህ ውይይት በኋላ መንፈሳዊ ተግባርንም እጨምርበታለሁ። ስብሰባው፣ ጉዞው፣ የማኅበሩ ሥራ፣ የመዝሙር ልምምዱ ሳይቀር መሬትና በሬ ሊሆን ይችላል።

የሌሊት_ተረኛ

ቀሲስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሐኪሙን ታሪክ ለእናቴም አነበብኩላት፤ ደስ አላት። አንድ ተግባራዊ ነገር ልጠይቅዎት። ረጅም ጸሎት እጀምርና አቋርጠዋለሁ፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጬ ለሳምንታት እተወዋለሁ። ምን ላድርግ?

ቀሲስ

ረጅሙን አትጀምሪው። ከመዝሙረ ዳዊት ኃምሳኛውን «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን በቃልሽ ያዢ። ቤት ስትገቢ እናትሽን ከማጠብሽ በፊት እሱን በዪ። ሳትቀመጪ በዪው፣ ከተቀመጥሽ ትተኚያለሽ። ከዚያ እናትሽን ስታጥቢ «አቤቱ ይቅር በለን» በዪ፣ እርሷም ከቻለች አብራሽ ትበል፤ የሁለታችሁ ጸሎት ይሆናል። እሱ ሳይቋረጥ እስኪጸና ድረስ ሌላ አትጨምሪበት። በሥራ ቦታ እጅ በምትታጠቢበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ ቀጥለሽ የምትነኪውን ሕመምተኛ ስም እየጠራሽ «ማረው» በዪ፤ ጊዜ አይወስድብሽም። ፈረቃሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ መቼ መቍረብ እንደምትችዪ ከእርሳቸው ጋር አስቀድመሽ ቀን ያዢ። ቀኑ ሲደርስ ፈረቃ ቀይሪልኝ ብለሽ ባልደረባሽን መለመንም አትፈሪ። ሌሎች ለሠርግ ይለምናሉ አይደል?

ሦስተኛ_ዓመት

እኔም ኃምሳኛውን ልይዘው ነው። ከፈተናው በፊት።

ግልጽ_ሰው

ይህን ክር ለወንድሜ ልልክለት አስቤያለሁ። ስለ እንጦንስ እህትና ስለ አባ ዮሐንስ ያለውን ቢያነብ ከእኔ አፍ ከሚሰማው ይሻለዋል፤ እኔን «አላማኝ» እያለ አይሰማኝም። ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ቀሲስ፣ ቢጽፍልዎት ይመልሱለታል?

ቀሲስ

ይጻፍልኝ፣ ደስ ይለኛል። ባለቤቱም አብራው ታንብበው። እርሷም የምትጠይቀኝ ካለ ለብቻዋ ትጻፍልኝ፤ መጀመሪያ የእርሷን ብሰማ እመርጣለሁ።